ከሁሩሙ እስከ ጎታ፤ የአራት ድምፅ መዝሙር በኢሉባቦር

ከበደሌ ተነስቶ ወደ መቱ የሚያቀና መንገደኛ፣ ጥቅጥቅ ያለውን የያዮ የቡና ደን እንዳለፈ ሁሩሙ የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛል። ሚኒባሶች እዚህ ብዙ አይቆሙም። አንድ ሁለት ሰው ያወርዳሉ፣ ያገኙትን ይጭናሉ፣ ይሄዳሉ። እኔ ሁሩሙ ላይ መውረድ የፈለግሁት በአንድ ሰው ምክንያት ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1850ዎቹ አጋማሽ ገደማ የተወለደው በዚሁ አካባቢ ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመተርጎሙ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የመዝሙር ሰው መሆኑ ግን እምብዛም አይነሳም። እኔን ኢሉባቦር ድረስ ያመጣኝ ይኸው እምብዛም የማይነሳው ነገር ነው።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ቡና የተሰጣበት ሸራ በጥድፊያ ተጠቅልሎ ከቆርቆሮው ሥር ገብቷል፤ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይይዛል። ከመንገዱ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት ዘንድ ተቀምጬ ስለ ኦነሲሞስ ስጠይቅ፣ አጠገቤ የነበረ ወጣት ወዲያው ስሙን አወቀው፤ በትምህርት ቤት ተምሮታል። መዝሙሮቹንስ ስለው ሳቅ አለና «እሱን አያቴን ጠይቅ» አለኝ። ይህ መልስ በጉዞዬ ሁሉ ተከተለኝ።

ኦነሲሞስ ሲወለድ የተሰጠው ስም ሂካ ነበር። አባቱን በሕፃንነቱ አጣ፤ በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። እዚያ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አወጣውና እዚያው ወደነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። በ1876 ደግሞ ወደ ስዊድን ተልኮ በስቶክሆልም አጠገብ በነበረው የዮሐነሉንድ ሴሚናር አምስት ዓመት ተማረ።

በእነዚህ አምስት ዓመታት ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። በዚያ ዘመን የስዊድን አብያተ ክርስቲያናት የሚዘምሩት ሄፍነር የተባለ ሙዚቀኛ በ1820 ካሳተመው የኮራል መጽሐፍ ነበር። ኮራል የሚባለው የሉተራውያን መዝሙር ነው፤ ጉባኤው በሙሉ ዋናውን ዜማ ይይዛል፣ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ቤዝ የተባሉት አራቱ ድምፆች በአንድ እርምጃ አብረው ይሄዳሉ፣ ኦርጋኑ ከሥር ሆኖ ሁሉንም ይሸከማል። ሄፍነር የድሮዎቹን መዝሙሮች ምት አስተካክሎ እያንዳንዱን ድምፅ እኩል ርዝመት ሰጠው፤ ስለዚህ ዝማሬው ዝግ ያለ፣ ከባድና ግርማ ያለው ሆነ። በሌላ በኩል በየቤቱ በሚደረገው የጸሎት ስብሰባ ዘማሪው ኦስካር አንፌልት በጊታር ያስተማራቸው ቀለል ያሉ መዝሙሮች ይዘመሩ ነበር። የሁሩሙው ልጅ በሁለቱ መካከል ነው የተማረው፤ እሑድ የኦርጋኑን ክብደት፣ በሳምንቱ መካከል የጊታሩን ቅልጥፍና ይሰማል።

ከስዊድን ከተመለሰ በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ለመግባት ደጋግሞ ሞከረ። በሱዳን በኩል ሄዶ ሳይሳካለት ቀረ፤ በሸዋ በኩልም መንገድ አላገኘም። በምጽዋ አጠገብ ባለው የእምኩሉ ሚሲዮን ጣቢያ ተቀምጦ መሥራት ግድ ሆነበት። በ1880ዎቹ ከዚያው ማተሚያ ቤት የወጣው የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ የዚያ ጥበቃ ፍሬ ነው። በ1893 አዲስ ኪዳንን፣ በ1899 ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ አሳተመ። አጠገቡ አስቴር ጋኖ ነበረች፤ እሷም በ1886 በባሪያ መርከብ ላይ ሳለች ከመሸጥ ተርፋ እምኩሉ የደረሰች ናት። አስቴር ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌዎች ሰብስባለች፤ ከፊሎቹም በ1894 በወጣው የንባብ መጽሐፍ ታትመዋል። የዚህን ሥራ ክብደት አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ የባዕድ አገር ዜማ ላይ የአገሩን ቃል ሲያለብስ፣ ሌላዋ የአገሯን ቃልና ዜማ ከትዝታዋ እያወጣች ትጽፍ ነበር። ሁለቱም ከእናታቸው ቤት በግድ የተነጠቁ ናቸው። ከአገራቸው የቀራቸው ቋንቋው ብቻ ነበር፤ እሱን ይዘው ሠሩበት።

ሥራው ቀላል አይደለም። የኮራል ስንኝ የቀለም ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ አንድ ቀለም ቢያንስ ዜማው ይጎድላል፣ ቢበዛ ይፈስሳል። ኦሮምኛ ደግሞ እንደ አማርኛ ሁሉ ግሱን መጨረሻ ላይ ያኖራል። አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም ስለሚለወጥ፣ ዜማው ያለቦታው ቢያስረዝመው ቃሉ ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ድምፅ እኩል ርዝመት ያለው የሄፍነር ዓይነት ዜማ ለዚህ ቋንቋ ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ቤት ገጥሞ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል።

መቱ የገባሁት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የሶር ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል፤ ይኸው ወንዝ በደኑ መሐል የሶርን ፏፏቴ ይሠራል። የጥንቷ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ጎሬ ነበረች፤ አስተዳደሩ ወደ መቱ የተዛወረው በደርግ ዘመን ነው። ከተማዋ ውስጥ ለሙዚቃ ሰው የሚያስገርም አንድ ስም አለ። ሆስፒታሉ መቱ ካርል ይባላል። ካርል ሄንዝ በም በ1981 «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት ከማቋቋሙ በፊት የታወቀ የፊልም ተዋናይ ነበር፤ ድርጅቱም በኢሉባቦር ብዙ ሠርቷል። አባቱ ደግሞ ካርል በም ናቸው፤ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የኦርኬስትራ መሪዎች አንዱ፣ የሞዛርት ሊቅ። የአባትየው ስም በቪየናና በዛልዝቡርግ አዳራሾች ሲጠራ ኖሯል። የልጅየው ስም የሚጠራው መቱ ላይ ነው፤ በተሽከርካሪ አልጋ የሚገፉ ሕሙማንና ዘንቢል ያንጠለጠሉ አስታማሚዎች በሚመላለሱበት በር ላይ።

በማግስቱ እሑድ ወደ አንዲት የመካነ ኢየሱስ አጥቢያ ሄድኩ። ብዙ ሰው አለ፤ ልጆች ከፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኳየሩ ጋውን ለብሶ ተሰልፏል፤ ከጎን ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታርና ትልልቅ ስፒከሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ መዝሙሮች ዛሬ በመላ አገሪቱ በየአዳራሹ የሚሰሙት ዓይነት ነበሩ፤ ፈጣን ምት፣ ጭብጨባ፣ እልልታ። ከዚያ መሪው የመዝሙር ቁጥር ጠራ። ወጣቶቹ ጋ መጠነኛ ዝምታ ወረደ። ሽማግሌዎቹ ጋ ግን መጽሐፍ ተገለጠ።

የሉተር መዝሙር ነበር፤ ሉተር ከመዝሙር 46 ተነስቶ እግዚአብሔርን አምባና ምሽግ አድርጎ የደረሰው፣ በ1529 ገደማ የታተመው። ዜማውን ማንም የሰማው ሰው አይረሳውም። ከላይኛው ድምፅ ይነሳል፤ ያንኑ ድምፅ ሦስት ጊዜ ይመታዋል፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየወረደ መሬት ይረግጣል። መጀመሪያ ሲወጣ ምቱ የሚዘል፣ ጭፈራ ቀረሽ ነበር። በጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ በባኽ ዘመን ሁሉም ድምፅ እኩል ሆነ፤ መቱ ላይ የሰማሁትም ይኸው የተስተካከለው ነው። ኪቦርድ የያዘው ልጅ አውቶማቲክ ምቱን አጥፍቶ የኦርጋን ድምፅ መረጠ። እንዲህ በማድረጉ አመሰገንኩት።

ዓይኔ ያረፈው ግን ከፊቴ በነበረው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ጠርዙ የተበላ አሮጌ የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ ይዘዋል፤ የተጻፈው በፊደል ነው፤ ኦነሲሞስም የሚጽፈው በፊደል ነበር። አጠገባቸው የቆመችው ልጅ፣ የልጅ ልጃቸው መሰለችኝ፣ የያዘችው መጽሐፍ በላቲኑ ቁቤ ነው። እሷ የሳቸውን መጽሐፍ ማንበብ አትችልም፤ እሳቸውም የሷን ቀስ ብለው ካልሆነ አይዘልቁትም። አፋቸው ላይ ያለው ቃል ግን አንድ ነበር። ሽማግሌው የሚዘምሩት ዋናውን ዜማ አይደለም። ከሥሩ ሌላ መስመር ይዘዋል፤ ዜማው ሲወርድ እሳቸው ይቆያሉ፣ ዜማው ሲያርፍ እሳቸው አንድ እርምጃ ከፍ ብለው ይገጥሙታል። ቴነር ነው። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቦታውን ግን አይስትም።

ከጉባኤው በኋላ ተጠጋኋቸው። «ኦቦ፣ ይቺን ድምፅ ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

«ማን ያስተምራል ልጄ፤ አጠገባቸው እየቆምን ከትልልቆቹ ነው የሰማነው» አሉኝ። «ኖታ የሚያነብ አልነበረም። አንዱ ታች፣ አንዱ መሐል፣ አንዱ ላይ ይይዛል። ድሮ ዘማሪ የሚባል ለብቻው የለም፤ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሁሉ ዘማሪ ነው።»

የኮራል አሳብ ከሥሩ ይኸው ነው። ሉተር በ1524 የመጀመሪያዎቹ የመዝሙር መጻሕፍት ሲታተሙለት የፈለገው ገበሬውና አንጥረኛው በገዛ ቋንቋው እንዲዘምር ነበር። በመጀመሪያ ዋናው ዜማ በቴነር ውስጥ ተደብቆ ስለነበር ሕዝቡ ለመከተል ይቸገር ነበር። ሉካስ ኦዚያንደር በ1586 ዜማውን አውጥቶ ከላይ አስቀመጠው፤ ያን ጊዜ የሠለጠነው ኳየርና ያልሠለጠነው ሕዝብ አብረው መዘመር ቻሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው የሉተራውያን የባሮክ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ በአብዛኛው በዚህ ላይ ነው የተገነባው። በሠላሳው ዓመት ጦርነት ወቅት ማርቲን ሪንካርት የተባለ ቄስ በአይለንቡርግ ከተማ በ1637ቱ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ቀበረ፤ ሚስቱንም ጭምር። የዚያ ሰው የምስጋና መዝሙር ዛሬም በዓለም ይዘመራል፤ ዜማውን ዮሐን ክሩገር በ1647 በርሊን ላይ አሳትሞታል። ባኽ ከ1723 ጀምሮ በላይፕዚግ በየሳምንቱ ካንታታ ሲጽፍ፣ ካንታታው ምንም ያህል ቢራቀቅ መጨረሻው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተራው የሕዝብ ኮራል ይመለሳል። ለእኔ የባኽ ትልቅነት በዚህ ይበልጥ ይታየኛል። አልቶና ቴነሩን ከላይኛው ዜማ ባላነሰ ክብር ይጽፋቸዋል፤ መሐል ላይ የቆመ፣ ማንም ለይቶ የማይሰማው ዘማሪ የሚዘምረው የራሱ ዜማ አለው። የመቱው ሽማግሌ መስመርም እንዲያ ነበር።

ነገሩ የፈረንጅ ነው፣ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው የሚል ሰው ይኖራል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ የተወልን ዜማ በአንድ መስመር የሚሄድ፣ በመቋሚያና በጸናጽል የሚራመድ፣ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። አራት ድምፅ አይፈልግም። ነገር ግን ኢትዮጵያዊ ከኮራል ጋር የተዋወቀው ሚሲዮናውያን ሲመጡ ብቻ አይመስለኝም። የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ከጀርመናዊው ወዳጃቸው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ጀርመን ውስጥ ያለችው ጎታ ገብተው በመስፍኑ በኤርንስት ቤተ መንግሥት ለጥቂት ወራት ተቀምጠዋል። ሉዶልፍ የግዕዝና የአማርኛ ጥናቱን የመሠረተው በእሳቸው ትምህርት ነው። ጎታ በዚያን ጊዜ ተራ ከተማ አልነበረችም፤ ከ1646 ጀምሮ ለብዙ ድምፅ የተዘጋጀ ትልቅ የመዝሙር ስብስብ እዚያው ይታተም ነበር። የመስፍኑ ወንድም ቪልሄልም እንደ ደረሰው የሚነገርለት መዝሙር በ1651ዱ እትም ውስጥ አለ፤ ባኽም በኋላ ለኦርጋን ከአንድ ጊዜ በላይ ሠርቶታል። ያሬዳዊ ዜማ በጆሯቸው የኖረው ካህን በዚያ ግቢ እየኖሩ ይህን ዝማሬ ሳይሰሙ ቀርተዋል ብዬ ማሰብ ይቸግረኛል። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ስለ ሰሙት ዝማሬ ለአገራቸው ሰው የመናገር ዕድል አላገኙም።

ሰኞ ወደ ጎሬ ወጣሁ። መንገዱ ዳገት ነው፤ ጉም ከዛፉ አይለይም፤ ወደ ከተማዋ ሲቃረቡ የጉማሮ ሻይ እርሻ አረንጓዴውን ዘርግቶ ይታያል። ጎሬ ዛሬ ጸጥ ያለች ናት። በአንድ ወቅት ግን በጋምቤላና በባሮ ወንዝ በኩል ከካርቱም ጋር የምትነግድ፣ ቆንስላ የተቀመጠባት ከተማ ነበረች። በ1936 አዲስ አበባ በጣሊያን ስትያዝ፣ ራስ እምሩ የመጨረሻውን የኢትዮጵያ መንግሥት ይዘው የተቀመጡት እዚህ ነው። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያንም የመጡት በዚሁ በሱዳን መንገድ ነው፤ ዶክተር ቶማስ ላምቢ በ1919 ደምቢ ዶሎ ጀመረ፣ ቀጥሎ ጎሬም ጣቢያ ተከፈተ። ከዚህ ሥራ የወጣችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። ስለዚህ በኢሉባቦር ሁለት የመዝሙር ወንዞች ይገናኛሉ፤ ከሰሜን በወለጋ በኩል የወረደው የሉተራውያኑ፣ ከምዕራብ በባሮ የመጣው የፕሬስቢቴሪያኑ። ሁለቱም ሕዝቡ ራሱ ይዘምር የሚሉ ናቸው።

ይህ ዝማሬ በክፉ ቀን ምን እንደሠራ የሚያስታውሱ ሰዎች አሁንም አሉ። ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ ምዕመናኑ ብቻቸውን ቀሩ፤ በቄለም ዓይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለን የመሳሰሉት ሰዎች ጉባኤውን ይዘው ቆዩ። በደርግ ዘመን ደግሞ በምዕራቡ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ተገደሉ። ጎሬ ላይ ያነጋገርኳቸው አንዲት እናት በዚያን ጊዜ በየቤቱ በር ተዘግቶ በለሆሳስ ይዘመር እንደነበር ነገሩኝ። መጽሐፍ መያዝ ስለሚያስፈራ ስንኙ ሁሉ በቃል ነበር። «ድምፅ ሳናወጣ እንኳ ሁላችንም ድምፃችንን እናውቃለን» አሉኝ፤ ማን ታች፣ ማን ላይ እንደሚይዝ ማለታቸው ነው። ከዚያ አንዱን መዝሙር በዝግታ አሰሙኝ። ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲሻገሩ ቀጥታ አይዘሉም፤ በመሐል ትንሽ ይስባሉ፣ መጨረሻውን ቀለም ጠምዘዝ አድርገው ያሳርፉታል። ይህ በሄፍነር መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ ባኽም አልጻፈውም። የኢሉባቦር ሰው በመቶ ዓመት ውስጥ የጨመረው የገዛ ራሱ ነው።

አሁን ያለው አደጋ ከዚያ የተለየ ነው፤ የሚከለክል የለም። ወጣቱ ኳየር ዘመናዊውን መዝሙር በሶሎና በባንድ ይሠራል፣ መልካም ያደርጋል፤ እኔም ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ግን የድምፅ ማጉያው ሲበረታ የጉባኤው አፍ ይዘጋል። ቴነር የሚያውቁት ሽማግሌ ቴነራቸውን የሚሰማላቸው ወጣት ከጎናቸው ካልቆመ፣ እንዳሉት ከትልልቆቹ መስማት የሚባለው ትምህርት ቤት ይዘጋል። ዋናው ዜማ አይጠፋም፤ በዓለም መጻሕፍት ሁሉ አለ። የሚጠፋው ይህ አገር እንዴት እንደዘመረው ነው፤ መሳቡ፣ መጠምዘዙ፣ በኦሮምኛው ቃል ርዝመት የተነሳ ቦታው የተዛወረው ትንፋሽ።

የመቱ ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ብዙ አይርቅም። አዲስ አበባ ላይ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። የመካነ ኢየሱስ የአካባቢው ሲኖዶስ ጽሕፈት ቤት መቱ ላይ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሁለት ተማሪና አንድ ጥሩ መቅጃ ቢልክ፣ ከበደሌ እስከ ጎሬ ያሉትን አሮጌ ዘማሪዎች በአንድ በጋ መቅዳት ይቻላል። እነሱ እስኪመጡ ግን አያት ያላችሁ የኢሉባቦር ልጆች አትጠብቁ። ስልካችሁን አውጡ፤ አንዱን መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዘምሩላችሁ። ዋናውን ዜማ ብቻ ሳይሆን የያዙትን ድምፅ ለብቻው ቅዱ። ስማቸውን፣ መንደራቸውንና ከማን እንደሰሙት አብራችሁ ጻፉ።